ልኩ እስከ መቼ ይታመናል? ስለ ጥርስ ኢምፕሬሽን ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የቀረቡት ከሐኪሞች፣ ከላብራቶሪ ቴክኒሻኖችና ከተማሪዎች ነው። አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ያሉ ናቸው፦ ኢምፕሬሽን (ጄሶ ተሞልቶበት የጥርስ ሞዴል የሚወጣበት የአፍ ልክ) ከአፍ ከወጣ በኋላ መጠኑን የሚለውጠው ምንድን ነው? በምን ያህል ጊዜስ? የትኛውንም ማቴሪያል ስትይዙ «ከውስጡ የሚወጣ፣ ወደ ውስጡ የሚገባ ምን አለ?» ብላችሁ ብትጀምሩ ግማሹ መልስ በእጃችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት በአልጂኔት (በውኃ በሚበጠበጥ የልክ መውሰጃ ዱቄት) የወሰድኩትን ኢምፕሬሽን ከሰዓት በኋላ ጄሶ ሞላሁት። በርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ስላቆየሁት የደረቀ አይመስልም ነበር። በሞዴሉ ላይ የሠራሁት ሪቴይነር (ጥርስን በቦታው የሚይዝ መሣሪያ) ግን ታካሚው አፍ ላይ አልገባ አለ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ጨርቁ ገጹን አረጠበ እንጂ መጠኑን አልጠበቀም። የጠነከረ አልጂኔት 85 በመቶ ገደማው ውኃ ነው። የቀረው ውኃውን እንደ መረብ አቅፎ የያዘ የካልሲየም አልጂኔት ክርና መሙያ ዱቄት ነው። በዚህ መረብ ላይ ሦስት ነገሮች ይደርሳሉ።

አንደኛው ትነት ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ብዙዎች የሚዘነጉት ማላብ ነው። መረቡ ራሱ ቀስ በቀስ እየተጨማደደ ውኃውን ወደ ገጹ ይገፋል። አየሩ መቶ በመቶ እርጥበት ቢኖረው እንኳ ይህ አይቆምም፤ ስለዚህ ርጥብ ጨርቅ ትነትን እንጂ ማላብን አያግድም። ኢምፕሬሽኑ ላይ ጠብታ ጠብታ ሆኖ የሚታየው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከጨርቁ የመጣ ሳይሆን ከውስጥ የወጣ ነው። ሦስተኛው ተቃራኒው ነው፤ ጨርቁ ውኃ የጠገበ ከሆነ በነካው ቦታ ላይ አልጂኔቱ ውኃ ይጠጣና ያብጣል። እንግዲህ አንድ ጎኑ እያበጠ ሌላው ጎኑ እየተኮማተረ ነበር ማለት ነው። ለውጡ ወጥ ቢሆን ኖሮ ሪቴይነሩ ጠበቅ ወይም ላላ ይል ነበር፤ ጭራሽ አልገባ ያለው ቅርጹ ስለተጣመመ ነው።

ልማድ መሆን ያለበት ይህ ነው፦ ከአፍ እንደወጣ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ፣ ማራገፍ፣ ዲስኢንፌክት ማድረግ፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጄሶ መሙላት። ካልተቻለ ሶፍት አርጥቦ በደንብ መጭመቅ፣ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከኢምፕሬሽኑ ጋር ሳይነካካ ማስቀመጥና ከረጢቱን መዝጋት። እንዲህም ሆኖ ግማሽ ሰዓት ጥሩ ነው፤ አንድ ሰዓት የመጨረሻው ድንበር ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የደረቀውን ውኃ ውስጥ ብነክረው አይመለስም?

መልስ፦ አይመለስም። ያብጣል፤ ማበጥና ወደነበረበት መመለስ ግን ለየቅል ናቸው። እንደገና ኢምፕሬሽን መውሰድ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ የምንጠቀመው አልጂኔት ካርቶኑ ላይ «100 ሰዓት ይቆያል» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ተብለው የሚሸጡ አልጂኔቶች አሉ፤ ከተለመደው የተሻለ መቆየታቸውም እውነት ነው። ነገር ግን ከካርቶኑ ጋር የሚመጣውን ወረቀት አንብቡት። ሰዓቱ የሚሠራው አልጂኔቱ በትክክለኛው የውኃ መጠን ተበጥብጦ፣ ኢምፕሬሽኑ አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ታሽጎ፣ አምራቹ ባለው ሙቀት ሲቀመጥ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ለዋለ ኢምፕሬሽን ቁጥሩ ዋጋ የለውም። በእኔ ግምት እነዚህ ለጥናት ሞዴል፣ ለጥርስ ማንጫ ትሬይና ለኦርቶዶንቲክስ ሥራ አንድ ቀን ቢያድሩ ይቻላል። ለክራውንና ለብሪጅ (ጥርስን ለሚሸፍንና የጎደለ ጥርስን ለሚተካ ቋሚ ሥራ) ግን በማንኛውም አልጂኔት አትተማመኑ፤ የቆይታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ጥቃቅን መስመሮችን የማንሳት አቅሙም አይበቃም።

ጥያቄ፦ ቶሎ ሙሉ ትላላችሁ፤ ደግሞ ሌላ ቦታ «ትንሽ ይረፍ» ይባላል። የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም። ኢምፕሬሽኑ ከአፍ ሲወጣ በጥርሱ ጉብታ ላይ ተለጥጦ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። መመለሱ ግን በቅጽበት አያልቅም፤ ትንሹ ክፍል ደቂቃዎች ይፈልጋል። አልጂኔት 98 በመቶ ገደማ ይመለሳል፤ የቀረው ተለጥጦ የቀረ ነው። አዲሽን ሲሊኮን (ወደታች የምናየው ጎማ መሰል ማቴሪያል) ግን ከ99 በመቶ በላይ ይመለሳል። ለአልጂኔት ማጠቡና ዲስኢንፌክት ማድረጉ የሚወስደው 10 ደቂቃ ራሱ በቂ ዕረፍት ነው፤ ተጨማሪ መጠበቅ አያስፈልግም።

ተለጥጦ የሚቀረውን ለመቀነስ ከሰዓቱ ይልቅ አወጣጡ ይበልጣል። አልጂኔቱ ጣት ላይ መጣበቁን ካቆመ በኋላ 2 ወይም 3 ደቂቃ አፍ ውስጥ ይቆይ፤ ጥንካሬው በእነዚህ ደቂቃዎች በጣም ይጨምራል። ከዚያ አየር እንዳይገባ የዘጋውን ጠርዝ በጣት ፈታ አድርጎ፣ በጥርሶቹ ቁመት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ መንቀል ነው። ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ቀስ ብሎ ማውጣት ለታካሚው የሚራሩለት ይመስላል፤ ማቴሪያሉ ግን ለረጅም ጊዜ በተለጠጠ ቁጥር የማይመለሰው ክፍል ይበዛል። በትሬዩ (ማቴሪያሉን አፍ ውስጥ በሚይዘው ሳህን) እና በጥርሱ መካከልም ቢያንስ 3 ሚሊሜትር አልጂኔት ይኑር። ቀጭን ከሆነ ያው ጉብታ የሚለጥጠው በመቶኛ ሲታይ እጥፍ ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ከትሬዩ ኋላ ተንጠልጥሎ የቀረ አልጂኔት ካለ ቁረጡት፤ ኢምፕሬሽኑንም በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አታስተኙት። የራሱ ክብደትና የጄሶው ክብደት ያጎብጠዋል።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓይነት ሲሊኮን አለን፤ ሁለቱም ፑቲ (ወፍራም ሊጥ) እና ላይት ቦዲ (ቀጭን ፈሳሽ) አላቸው። አንዱ «ኮንደንሴሽን»፣ ሌላው «አዲሽን» ይባላል። ልዩነቱ ዋጋው ብቻ ነው ወይስ በላብራቶሪ ውስጥም ይታያል?

መልስ፦ በደንብ ይታያል። ኮንደንሴሽን ሲሊኮን ሲጠነክር የኬሚካል ሂደቱ አልኮል ያስወጣል። አልኮሉ በሚቀጥሉት ሰዓታት ከውስጡ እየተነነ ይሄዳል፤ የሄደው ነገር ቦታ ነበረውና ኢምፕሬሽኑ ይኮማተራል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ግማሽ በመቶ የተለመደ ነው። አዲሽን ሲሊኮን ሲጠነክር ግን ከሂደቱ የሚወጣ ትርፍ ነገር የለም፤ በተመሳሳይ ጊዜ የሚቀንሰው ከ0.05 እስከ 0.2 በመቶ ነው።

መቶኛ ትንሽ ይመስላል፤ ወደ ሚሊሜትር ሲለወጥ ግን ነገሩ ግልጽ ይሆናል። 10 ሚሊሜትር ስፋት ላለው መንጋጋ ጥርስ 0.5 በመቶ 50 ማይክሮን ነው። ከግራ መንጋጋ እስከ ቀኝ መንጋጋ 40 ሚሊሜትር ቢሆን 200 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ አምስተኛ ሚሊሜትር ጋር እኩል ነው። በክራውንና በጥርስ መካከል የሚታገሡት ክፍተት ብዙ ጊዜ 120 ማይክሮን ተብሎ ይጠቀሳል፤ ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1971 ከታተመ ጥናት የመጣ ነው። እንግዲህ ለአንድ ክራውን ኮንደንሴሽን ሲሊኮን በቶሎ ከተሞላ ያስኬዳል። ረጅም ብሪጅን ግን አድሮ ከተሞላ ኢምፕሬሽን ላይ መሥራት ላብራቶሪውን ያለጥፋቱ ማስወቀስ ነው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት የማደባለቂያውን መንገድ እዩ። ኮንደንሴሽኑ ብዙ ጊዜ ትልቅ የቤዝ ዕቃና ትንሽ የካታሊስት (የማጠንከሪያ) ቱቦ ወይም ጠርሙስ አለው፤ ካታሊስቱ በጠብታ ወይም በመስመር ርዝመት ይለካል። አዲሽኑ ሁለት እኩል መጠን ያላቸው ዕቃዎች ወይም መንታ ካርትሪጅ ነው፤ የሚቀላቀለውም አንድ ለአንድ ነው። የሁለቱን ካታሊስት አታለዋውጡ፤ አንዱ ቆርቆሮ፣ ሌላው ፕላቲነም የያዘ ስለሆነ አይጠነክርም።

ሰዓቱን በተመለከተ ኮንደንሴሽን ሲሊኮን በ30 ደቂቃ ውስጥ ይሞላ። አዲሽን ሲሊኮን ሳምንት ቢቆይም ይታመናል፤ ብዙ አምራቾች እስከ ሁለት ሳምንት ይፈቅዳሉ።

ጥያቄ፦ ማቴሪያሉ የአይሶ (ISO) ዓለም አቀፍ ደረጃን ያሟላ ነው ተባልኩ። ያ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ለኢላስቶመር (ጎማ መሰል) ኢምፕሬሽን ማቴሪያሎች የወጣው አይሶ 4823 በ24 ሰዓት እስከ 1.5 በመቶ የመጠን ለውጥ ይፈቅዳል። በ10 ሚሊሜትር ጥርስ ላይ ይህ 150 ማይክሮን ነው። ኮንደንሴሽኑም አዲሽኑም ይህን በር ያልፋሉ። ስለዚህ «ያሟላል» የሚለውን ትታችሁ በወረቀቱ ላይ የመጠን ለውጡን ቁጥር ፈልጉ።

ጥያቄ፦ በአዲሽን ሲሊኮን ኢምፕሬሽን ላይ የሞላነው ጄሶ ገጹ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። ቫኪዩም ሚክሰር ነው የምንጠቀመው፤ የጄሶው አቀላቀል ችግር አይመስለኝም።

መልስ፦ ምናልባትም ሃይድሮጅን ነው። በአዲሽን ሲሊኮን ውስጥ ሳይዋሃድ የቀረ ሃይድራይድ (ሃይድሮጅን የያዘ ውሕድ) ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል። ኢምፕሬሽኑ ራሱ በዚህ መጠኑን አይለውጥም፤ ጋዙ ግን ገና ያልጠነከረውን ጄሶ ፊት ይወጋዋል። አምራቾች ብዙዎቹ ጋዙን የሚውጥ ፓላዲየም ይጨምሩበታል፤ ፓላዲየም ያለበትን ወዲያው መሙላት ይቻላል። ስለመኖሩ ወረቀቱ ካልነገራችሁ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ነገሩ የሚያስቀው አልጂኔት በቆየ ቁጥር ሲበላሽ ይኸኛው በቸኮሉ ቁጥር መበላሸቱ ነው፤ ሁለቱንም በሚያስተናግድ ላብራቶሪ «ሁሉም ቶሎ ይሞላ» የሚል ደንብ አይሠራም።

ግን መጀመሪያ ምልክቱን ለዩ። ገጹን በሙሉ የሸፈኑ፣ በጣም ደቃቅና እኩል የሚባሉ ጉድጓዶች ከሆኑ ጋዝ ነው። በጥርስ ጫፍና በመቁረጫ ጠርዝ ላይ ጥቂት ትልልቅ ጉድጓዶች ከሆኑ ጄሶው ሲፈስ የታሰረ አየር ነው፤ ከአንድ ጎን ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ በንዝረት አስኪዱት። በሞዴሉ ላይ ጉድጓድ ሳይሆን ክብ እባጭ ካያችሁ ደግሞ ጥፋቱ ከኢምፕሬሽኑ ነው፤ በማቴሪያሉ ውስጥ የነበረ አረፋ ጄሶ ገብቶበት ነው። እባጩን ፍቆ ማንሳት ይቻላል፤ ማርጂን (የክራውኑ ጠርዝ የሚያርፍበት መስመር) ላይ ከሆነ ግን ኢምፕሬሽኑ ይደገም።

ጥያቄ፦ ላይት ቦዲው በተሞረደው ጥርስ ዙሪያ ብቻ ተለጣፊ ሆኖ ቀረ። ሌላው ቦታ በደንብ ጠንክሯል። ጊዜው አልፎበት ይሆን?

መልስ፦ ጊዜው ቢያልፍበት ሁሉም ቦታ ይለጠፍ ነበር። በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የፕላቲነም ካታሊስቱን ያፈነ ነገር እዚያ ነበር። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የላቴክስ ጓንት ውስጥ ያለው ሰልፈር ነው። ፑቲውን በላቴክስ ጓንት ማሸት ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው ጓንት የተነካ የድድ ክር ወይም ጥርስም ይበቃዋል። በቪኒል ጓንት ይሥሩ፤ ጥርሱንም በውኃ አጥበው ያድርቁ። ራበር ዳም (ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ የጎማ ሽፋን) ከነበረም እንዲሁ። ሁለተኛው አሁን የተሠራ የኮምፖዚት ኮር (የጎደለ ጥርስን የሚገነባ ሙሊት) ወይም ጊዜያዊ ክራውን የተሠራበት ሬዚን ነው። ከአየር ጋር የተገናኘው የላይኛው ስስ ሽፋን አይጠነክርም፤ እርሱ ሲሊኮኑንም አያጠነክርም። በአልኮል በራሰ ጥጥ መጥረግ ያስወግደዋል።

ተለጣፊው ክፍል እስከ ነገ ቢቆይ አይጠነክርም፤ ጄሶ ሲነካው ደግሞ ይላጣል። ደግማችሁ ውሰዱ።

ጥያቄ፦ ፖሊኤተር የተባለው ጎማ መሰል ማቴሪያል ከሁሉ ይበልጣል ይባላል። እኛ ግን ከላብራቶሪ «ተጣሟል» ተብሎ ተመለሰልን። የላክነው ከተቃራኒው መንጋጋ የአልጂኔት ኢምፕሬሽን ጋር በአንድ ከረጢት ነበር።

መልስ፦ ከረጢቱ ነው ያበላሸው። ፖሊኤተር ውኃ ይወዳል፤ በርጥብ ጥርስ ላይ በደንብ የሚዘረጋውም ለዚያ ነው። ያው ባሕርዩ ከአፍ ከወጣ በኋላ ጠላቱ ይሆናል። አልጂኔቱ ርጥብ አየር ይፈልጋል፤ ፖሊኤተሩ ደረቅ። በአንድ ከረጢት አንዱ ሌላውን ይጎዳል፦ አልጂኔቱ ያልበዋል፣ ፖሊኤተሩ ይጠጣል። ፖሊኤተርን አጥባችሁ፣ ዲስኢንፌክት አድርጋችሁ፣ በአየር አድርቃችሁ በተለየና አየር በሚያስገባ ከረጢት ወይም ካርቶን ላኩት፤ ደረቅ ከሆነ ሳምንት ይቆያል። አልጂኔቱን ደግሞ አትላኩት፤ ሞልታችሁ ሞዴሉን ላኩ።

ፖሊኤተር ግትር ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለው። የላላ ጥርስ ወይም ትልቅ አንደርከት (ከሥሩ ወደ ውስጥ የገባ ቦታ)፣ በተለይ በብሪጅ ስር ያለ ክፍት ቦታ፣ ካለ አስቀድሞ በሰም ይደፈን፤ አለበለዚያ ትሬዩ አፍ ውስጥ ይቀረቀራል። ከላብራቶሪ በኩልም ቀጭን የሞዴል ጥርስ ሲነቀል ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ሲሊኮን ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል ካልን ሞዴሉ ከጥርሱ ማነስ አለበት። ግን አንዳንዴ ክራውኑ ላላ ይላል። እንዴት ነው?

መልስ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ያለው በትሬይ ሙጫ ውስጥ ነው።

የአፍ ሙቀት 37፣ የክፍሉ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብንል ልዩነቱ 14 ዲግሪ ነው። ኢላስቶመር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 200 ክፍል ገደማ ርዝመቱን ይቀንሳል፤ በ14 ዲግሪ 0.28 በመቶ ይሆናል። አሁን ዋናው ጥያቄ ወዴት ነው የሚኮማተረው የሚለው ነው። ማቴሪያሉ በሙጫ ከትሬዩ ግድግዳ ጋር ከተያያዘ የሚሸሸው ወደ ግድግዳው ነው፤ ስለዚህ በመሃል ያለው የጥርሱ ጉድጓድ ይሰፋል፣ ሞዴሉም በጥቂቱ ይወፍራል። ክራውኑ በትንሹ ላላ ይላል፤ ለሲሚንቶ ቦታ ስለሚሰጥ ይህን እንታገሠዋለን። ከትሬዩ ከተላቀቀ ግን ወደራሱ መሃል ይሰበሰባል፤ ጉድጓዱ ይጠባል፣ ሞዴሉ ይቀጥናል፣ ክራውኑ አይወርድም።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይወጣሉ። አንዱ ውፍረት ነው። በትሬዩና በጥርሱ መካከል 3 ሚሊሜትር ማቴሪያል ካለ፣ በደምሳሳው ሲሰላ ወደ ግድግዳው የሚሸሸው በአንድ ጎን ከ8 ማይክሮን ትንሽ በላይ ነው። 6 ሚሊሜትር ከሆነ እጥፍ ነው። በግራ 2፣ በቀኝ 6 ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። በልክ የተሠራ ትሬይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር እኩል ቦታ እንዲሰጥ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ትሬዩ ራሱ ከአክሪሊክ ሲሠራም ይኮማተራል፤ ዛሬ ሠርቶ ዛሬ ከመጠቀም ማሳደር ይሻላል።

ሌላው ሙጫው ነው። ለእያንዳንዱ ማቴሪያል የራሱ ሙጫ አለ፤ የፖሊኤተር ሙጫ ሲሊኮንን አይዝም። ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ከትሬዩ ጠርዝ አልፎ በውጭ በኩል ጥቂት ሚሊሜትር ይድረስ፤ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይድረቅ። የረጠበ ሙጫ እንደ ቅባት ነው፤ ማቴሪያሉን ያንሸራትተዋል። ወፍራም ቅብም ያው ነው። ኢምፕሬሽኑ ከአፍ እንደወጣ ጠርዙን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ከትሬዩ የተላቀቀ ቦታ ካለ በእጅ ገፍቶ መመለስ ፈጽሞ አይሞከርም። ወደ ቦታው የተመለሰ ቢመስልም አልተመለሰም።

ጥያቄ፦ በፑቲና በላይት ቦዲ፣ ያውም በአዲሽን ሲሊኮን፣ የሠራነው ክራውን ደጋግሞ ይጠባል። ማቴሪያሉ እምብዛም አይኮማተርም ካልን ምን ቀረ?

መልስ፦ የቀረው ፑቲው ነው። ይህ የጊዜ ሳይሆን የጉልበት ስሕተት ነው። በሁለት ደረጃ ስትሠሩ፣ ማለትም ፑቲው መጀመሪያ ጠንክሮ ከዚያ በላይት ቦዲ ሲመለስ፣ ለላይት ቦዲው ቦታ ካልተተወ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ የጠነከረውን ፑቲ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ትሬዩ ከአፍ ሲወጣ ግፊቱ ይለቀቅና ፑቲው ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ጉድጓዱ ይጠባል። መፍትሔው ከመሞረዱ በፊት ወይም በጥርሱ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ሽፋን አድርጎ ፑቲውን መውሰድ፣ በጥርሶች መካከል የገቡትን ምላሶች በስለት መቁረጥ፣ ላይት ቦዲው የሚያመልጥበት ቦይ በጥርሱ ጎንና ጎን ማውጣት ነው። ምራቅ የነካው ፑቲ ደግሞ ላይት ቦዲውን አይዝም፤ ታጥቦ ይድረቅ።

በአንድ ደረጃ ከሆነ የተለመደው ችግር መዘግየት ነው። ፑቲው መጠንከር ከጀመረ በኋላ ከተጫነ በውስጡ ውጥረት ይዞ ይጠነክራል፤ ከወጣ በኋላ ያን ውጥረት ይለቃል። ሌላው የሚታጠፍ የፕላስቲክ ትሬይ ነው። ፑቲ ከባድ ስለሆነ የትሬዩን ጎኖች ወደ ውጭ ይከፍታቸዋል፤ ከአፍ ሲወጡ ይመለሳሉ። ባዶውን ትሬይ በሁለት ጣት ጎንና ጎኑን ጫን በሉት፤ ከታጠፈላችሁ ለፑቲ አይሆንም። የብረት ትሬይ ውሰዱ።

ጥያቄ፦ ዲስኢንፌክት ማድረጉስ መጠኑን አይለውጥም?

መልስ፦ አዲሽን ሲሊኮንን ብትነክሩት ግድ የለውም። ለአልጂኔትና ለፖሊኤተር ግን መነከሩ ከ10 ደቂቃ አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ይጠጣሉ። አልጂኔትን በ0.5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ረጭቶ በከረጢት ውስጥ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ አጥቦ ማራገፍ ከመንከር የተሻለ ነው። ምራቅና ደም ሳይታጠብ መርጨት ዋጋ የለውም፤ ፈሳሹ ገጹን አያገኘውም። የኬሚካሉን ቅሪት ሳያጥቡ መሙላትም የጄሶውን ፊት ያለሰልሰዋል።

ጥያቄ፦ ጄሶውን በአልጂኔቱ ላይ ማሳደር ይቻላል? ለመንቀል ይቀላል ይባላል።

መልስ፦ ተቃራኒው ነው። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ንቀሉት። ካደረ አልጂኔቱ ደርቆ ይጠነክራል፣ ቀጭን የፊት ጥርሶችን ይዞ ይሰብራል፣ የጄሶውንም ፊት ሻካራና ዱቄታም ያደርገዋል። አዲሽን ሲሊኮን ላይ ቢያድር ችግር የለም።

ጥያቄ፦ ከአንድ የሲሊኮን ኢምፕሬሽን ሁለተኛ ሞዴል ብናወጣ እንደ መጀመሪያው ይታመናል?

መልስ፦ ከአዲሽን ሲሊኮንና ከፖሊኤተር አዎ፤ ከአልጂኔትና ከኮንደንሴሽን ሲሊኮን አይታመንም። የመጀመሪያው ሞዴል ሲነቀል ኢምፕሬሽኑ እንደገና ስለተለጠጠ ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ። በማርጂኑ ዙሪያ ያለውን ስስ ጠርዝ በአጉሊ መነጽር እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው እዚያ ነው። ለማርጂኑ ሥራ የመጀመሪያውን፣ ለንክኪ መፈተሻ ሁለተኛውን ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ የሲሊኮን ኢምፕሬሽን ደረሰን። እንጣለው?

መልስ፦ አዲሽን ሲሊኮን ከሆነና ከትሬዩ ካልተላቀቀ አይጣል። በሙቀት ያበጠው ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ በክፍሉ ሙቀት ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጥና ይሞላ። ሞቅ እንዳለ ብትሞሉት ግን ሞዴሉ ያንኑ የተዛባ መጠን ይዞ ይቀራል። ስስ የፕላስቲክ ትሬይ ከነበረ ነገሩ ይለያል፤ ፕላስቲኩ ከለሰለሰና ከተጣመመ ወደ ቦታው አይመለስም።

ጥያቄ፦ ኢምፕሬሽኑን በጄሶ ከመሙላት ይልቅ በላብራቶሪው ስካነር ብናነሳውስ? ከዚህ ሁሉ ጣጣ አይገላግለንም?

መልስ፦ ከጄሶው ይገላግላችኋል እንጂ ከሰዓቱ አይገላግላችሁም። ስካነሩ የሚያነሳው በዚያች ሰዓት ያለውን ቅርጽ ነው፤ አምስት ሰዓት የቆየ አልጂኔትን በትክክል ቢያነብ በትክክል ያነበበው የተኮማተረውን ነው። በጠባብና በጥልቅ ጉድጓድ፣ ለምሳሌ በታች የፊት ጥርሶች፣ ብርሃኑ ወደ ታች አይደርስም። እዚያ ጄሶ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ወደ ላብራቶሪ ከምንልከው ወረቀት ላይ ምን መጻፍ አለበት?

መልስ፦ ከተለመደው ሌላ አራት ነገር። የማቴሪያሉ ዓይነት፤ «ሲሊኮን» ብቻ ሳይሆን ኮንደንሴሽን ወይም አዲሽን ተብሎ። ከአፍ የወጣበት ቀንና ሰዓት። ዲስኢንፌክት የተደረገበት ኬሚካልና ደቂቃ። ማቴሪያሉ ከመሞላቱ በፊት መጠበቅ ካለበት፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚሞላ። ሰዓቱን በማይለቅ ቀለም ጻፉት፤ በውኃ የሚለቀቅ ቀለም ከሆነ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ርጥበት ያጠፋዋል።